የድርቤ ጭድ

አንዳንዱ ሰው ውለታ ሲበላ አጥንት እንኳ አያስተርፍም። ይህን የምለው ከነቀምቴ የአንድ ቀን መንገድ በሆነች ትንሽ ከተማ መንገደኛ ስታሳድር የኖረችውን ድርቤን አስታውሼ ነው። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ዛሬም ያናድደኛል።

ድርቤ ነፍሰ ጡር ሳለች ባሏ ሲሞትባት የቀራት አንድ ረጅም የሣር ቤት ነበር። ከጊምቢ ቡና ጭነን ለምንመጣ ነጋዴዎች የሆቴል ዋጋ አይቀመስምና እሷ አንድ ዘዴ ዘየደች። አልጋ የለም፣ ጠጅ የለም፣ ሥጋ የለም። ሙቅ የእግር ውሃ፣ እንጀራ በሽሮ፣ የበቅሎ ማሰሪያ ካስማና ንጹሕ የጤፍ ጭድ አለ። ለዚህ ሁሉ ዐሥር ሳንቲም። ጭዱን በየሳምንቱ ትቀይረዋለች፤ አሮጌውን ጭድ ቤት ለሚመርጉ ሰዎች ለጭቃ ማቡኪያ ትሸጠዋለች። ትራስ የጠየቃትን ሰው፣ «ክንድህን ምን ነካው?» ትለው ነበር።

ሀብተጊዮርጊስ ከሸዋ ሥራ ፍለጋ የመጣው በዚያው ዓመት፣ በ፲፱፻፵፩ ክረምት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ጭድ ላይ አደረ። ከጎኔ ተኝቶ ጋቢዬን ሲጎትት ስንቴ ተጣልተናል! ወባ ሲይዘው ያስታመመችው ድርቤ ናት። ልጇን ሞረዳን ክርስትና ያነሣውም እሱ ነው። እኛ ዘንድ አበልጅ ከወንድም አያንስም። በኋላ የከተማዋ ሹም ጸሐፊ ሆነ፣ ኮት ለበሰ፣ አገባ፣ ሁለት ልጆች ወለደ።

ሀብተጊዮርጊስ በመጣ በዘጠኝ ዓመቱ፣ የብረት አልጋና ፍራሽ የሌለው ማደሪያ ሁሉ ይዘጋ የሚል ትእዛዝ መጣ። ድርቤ አልጋ ብታስገባ ዋጋዋ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ያን ጊዜ እኛ ሜዳ ላይ እናድራለን፣ እሷና ልጇም ይራባሉ። ስለዚህ ሹሙ ዘንድ አቤት አለች። እኛም ደንበኞቿ ተከትለናት ሄድን።

ሹሙ ክፉ ሰው አልነበረም። «እዚያ አድሮ ምንም ያልሆነ አንድ የተከበረ ሰው ይመስክርልሽ፤ ፈቃድ እሰጥሻለሁ» አላት። እኛን በቅሎ ነጂ ነጋዴዎቹን ከቁጥር አላስገባንም።

የድርቤ ፊት በራ። «አበልጄ አለ አይደል? ይኸው ከጎንዎ የተቀመጠው።»

ሀብተጊዮርጊስ ኮቱን አስተካከለ። «ሴትዮዋን በክርስትና ልጄ አውቃታለሁ። ጭድ ላይ ግን አድሬ አላውቅም» አለ።

የቀለደ መስሏት ሳቀች። እሱ እንዳልሳቀ ስታይ ሳቋ ጠፋ። «ያ ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ በወባ ስትንቀጠቀጥ የት ነበር የተኛኸው?» አለችው። እሱ ወረቀቱን ማገላበጥ ያዘ።

«እንግዲያው ይማልልኝ» አለች። «ከማለ ዛሬውኑ እዘጋለሁ።»

ስሕተቷ ይህ ነው። በእኛ ወግ ባላጋራህን ማል ካልኸውና ከማለ፣ ከዚያ ወዲያ ምስክር አይቆጠርም። ግን አበልጄ በሐሰት ይምልብኛል ብላ እንዴት ታስብ?

ከሹሙ ጋር የተቀመጡት ሽማግሌ ኦቦ ዋቅወያ ለመሐላ አስነሡት። እሱም መሬት መሬት እያየ፣ «ሞረዳ ይሙት፣ አላደርሁም» አለ።

የራሱ ልጆች እያሉለት በእሷ ልጅ ማለ። ደሜ ፈልቶ ብድግ ስል ኦቦ ዋቅወያ በዘንጋቸው መለሱኝ። «ማለ እኮ። ታኢ፣ ተቀመጥ።»

ድርቤ መልኳ ተለወጠ። በሐሰት የተማለበት ልጅ አይበረክትም ሲባል ሰምታ ያደገች ናት፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቤቱን ረስታ ልጇን ከመሐላው ማትረፍ ብቻ ያሰበች ይመስለኛል። ሹሙ ፊት ቀርባ መሬት ሳመች።

«ጌታዬ፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ» አለች። «ይህ ሰው ቤቴ አድሮ አያውቅም። የማለው እውነቱን ነው። እባክዎ ቃሌ ይጻፍልኝ።»

ሹሙ ግራ ተጋብቶ ወደ ጸሐፊው ዞረ። ሀብተጊዮርጊስ ብዕሩን ቀለም ነክሮ ጻፈ፤ እሷም አውራ ጣቷን አተመችበት።