«አብራችሁኝ ቆዩ» ያለው ጌታ

የተወደዳችሁ ወገኖቼ፣ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ጽጌ እባላለሁ፤ ብዙዎቻችሁ በመልክ ታውቁኛላችሁ። መጋቢያችን ምስክርነት እንድሰጥ ደጋግመው ሲጠይቁኝ «ሌላ ጊዜ» እያልኩ ስሸሽ ቆይቻለሁ። ሰው ፊት መቆም ያስፈራኛል። ግን ጌታ ያደረገልኝን በሆዴ ይዤ መቀመጥ ከዚህ ፍርሃት ይልቅ ከበደኝ። ስለዚህ ልመስክር፤ ታገሡኝ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ጌታ እኔን ያገኘኝ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አይደለም። ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ በዐቢይ ጾም፣ አንድ ኬንያዊ ቄስ በስዋሂሊ ሲሰብኩ። ይህን ሰምቶ ግራ የሚገባው ሰው ቢኖር አልፈርድበትም፣ እኔም ግራ ገብቶኝ ነበር። እርሱ ግን ልጁን በፈለገው ደጅ ገብቶ ያገኛታል። ስሙ ይባረክ።

ያደግኩት ደሴ ነው። ቤታችን ጾም በሥርዓቱ የሚጾምበት ቤት ነበር። እኔ ግን እግዚአብሔርን የማውቀው እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ መኖሩን አልክድም፣ ጉዳዬን ግን አልነግረውም። ናይሮቢ የመጣሁት ከታናሽ እህቴ ከብርቱካን ጋር ነው። ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን፣ አንድ አልጋ ላይ እየተኛን፣ እየተጣላን፣ እየታረቅን ኖርን። እኔ ኢምባካሲ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ የአበባ መጋዘን ሥራ አገኘሁ። አበባው ከእርሻ ይመጣል፤ እኛ ለይተን አስረን ካርቶን ውስጥ እናሽጋለን፤ ከዚያ በአውሮፕላን ይሄዳል። እንዳይጠወልግ ሲባል ቀኑን ሙሉ የምንቆመው ብርድ ውስጥ ነው።

ከዚያ የብርቱካን የቪዛ ጉዳይ አለቀላትና ካናዳ ባሏ ጋ ሄደች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ለእሷ ደስ ብሎኛል። ኤርፖርት ሸኝቻት ቤት ስገባ ግን አልጋው ሰፋብኝ። ስትደውል «እንዴት ነሽ?» ትለኛለች፤ «ደህና ነኝ» እላለሁ። እሷም አዲስ አገር ላይ ናት፣ ምን ላስጨንቃት? እንዲህ እያልኩ፣ ሰው ሲጠራኝ እየቀረሁ፣ ቀስ በቀስ ብቻዬን ሆንኩ። ብቻዬን መሆኔ እንኳ አልታወቀኝም። ያስታወቀኝ የጋሽ ተፈራ ሞት ነው።

ጋሽ ተፈራ ከግድግዳዬ ማዶ የሚኖሩ ያገራችን ሰው ነበሩ፤ የመኪና ዕቃ ይነግዱ የነበሩ፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ዝምተኛ ሽማግሌ። ደረጃ ላይ ስንገናኝ «እንዴት አደርሽ ልጄ» ይሉኛል፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ፤ በቃ። ቴሌቪዥናቸው በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። አንድ ሰሞን ቴሌቪዥኑ ሳይዘጋ ሰነበተ። እኔም ድምፁን እየሰማሁ፣ ደህና ናቸው ብዬ ሥራ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። በመጨረሻ አስካሪው፣ የግቢያችን ዘበኛ፣ ጠርጥሮ በሩን ሰበረው። ጋሽ ተፈራ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አርፈው ኖሯል። ካረፉም ቀናት አልፈዋል። ቴሌቪዥኑ ዜና ያወራል።

ወገኖቼ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አጣሁ። እኔም እንዲሁ ነው የምሞተው አልኩ። መጋዘኑ ስቀር ሌላ ሰው ይቀጥራል። ብርቱካን ስልኬ ሲጠራ ባላነሳ ሥራ ላይ ናት ትላለች። ማን ነው የሚያንኳኳው? ከሥራ ገብቼ በሩን እቀረቅራለሁ። ትንሽ ቆይቼ «ብወድቅ ማን ይገባልኛል?» ብዬ መቀርቀሪያውን እከፍታለሁ። ደግሞ «ሌባ ቢገባስ?» ብዬ እዘጋለሁ። እንጀራ ስበላ ትን ቢለኝ ብዬ እየፈራሁ ትንንሽ እቆርሳለሁ። ገላዬን ስታጠብ ብንሸራተት እያልኩ ግድግዳ እይዛለሁ። የምስቅ ሰው ነበርኩ፤ ሳቄ ራሱ ጠፋ።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ማታቱ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ልቤ መምታት ጀመረ። መምታት ስላችሁ ተራ አይደለም፤ አጠገቤ ያለው ሰው የሚሰማው መሰለኝ። እጄ ደነዘዘ፣ አየር አጠረኝ፣ ዓይኔ ጨለመ። ሹፌሩን አስቁሜ ወረድኩና ግድግዳ እየያዝኩ በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል ገባሁ። መጣ የፈራሁት አልኩ በልቤ።

አንዲት ነርስ አስተኛችኝና ደም ግፊቴን እየለካች «የሆነ ነገር ቢፈጠር ለማን ልደውል?» አለችኝ።

«ለእህቴ።»

«የት ናት?»

«ካናዳ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «እኔ የምፈልገው መጥቶ የሚወስድሽ ሰው ነው። ጎረቤት የለሽም? የሥራ ጓደኛ? የቤተ ክርስቲያን ሰው?»

ለማስታወስ የፈለግኩ መስዬ ጣሪያውን አየሁ። የማስታውሰው ሰው አልነበረኝም። ነርሷ ደግ ሰው ነበረች፤ ደግማ አልጠየቀችኝም። ያ አለመጠየቋ ከሕመሙ በላይ አመመኝ።

ሐኪሟ ወጣት ኬንያዊት ናት። የልብ ምርመራ አደረገች፣ ደም አስመረመረች፣ ከዚያ መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ልብሽ ጤነኛ ነው» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን እንዲህ ይደበድበኛል?»

«በጣም የፈራ ሰው ልብ እንዲህ ይመታል። የምትኖሪው ከማን ጋር ነው?»

«ብቻዬን።»

«ለመድኃኒት አልቸኩልም» አለችኝ፤ «በየጊዜው እየመጣሽ አነጋግሪኝ። ግን አንቺ ሰው ያስፈልግሻል።»

ጤነኛ ነሽ ስባል ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ይበልጥ ፈራሁ። የልብ በሽታ ቢሆን እንክብል አለው። ሰው ከየት ይገዛል?

ደግሞ እዩ፣ ሰው ሳይኖረኝ ቀርቶ አልነበረም። እህት ሰናይት፣ እዚያ ጋ አንገቷን ደፍታ የተቀመጠችው፣ ያኔም ከእኔ በታች ባለው ፎቅ ትኖር ነበር። ወደዚህ ጉባኤ ልትጋብዘኝ በራፌን ታንኳኳለች። እኔ ትንፋሼን ውጬ እስክትሄድ እቆማለሁ። ብቸኝነት እንዲህ ነው ወገኖቼ። ሰው ናፍቆሽ እየሞትሽ፣ ሰው ሲመጣ ትደበቂያለሽ። እንዳያዩብሽ ትፈሪያለሽ።

በዚያው ሰሞን አንድ ረቡዕ፣ ማማ አትዬኖ የምትባል አብራኝ አበባ የምታስር እናት ግንባሯ ጠቁሮ ሥራ ገባች።

«ማማ፣ ግንባርሽን ጥላሸት ነክቶሻል» አልኳት።

«አመድ ነው። ጾማችን ዛሬ ገባ» አለችኝ። ከዚያ ጽጌረዳውን አስቀምጣ ፊቴን አየችኝ። «አንቺ ግን ሳትጾሚ ከስተሻል። ምን ሆነሽ ነው?»

«ደህና ነኝ።»

«ሃፓና» አለች፤ አይደለሽም ማለቷ ነው፤ እንደዚህ የምትለው ሳታምነኝ ስትቀር ነው። «ዓርብ ከሥራ አብረን እንወጣለን። የጌታን መከራ የምናስብበት የመስቀል መንገድ ጸሎት አለን። ባታምኚም ወንበር አለ፣ ትቀመጫለሽ።»

ዓርብ ሲደርስ ሰበብ ፈለግኩ፣ አላገኘሁም። በመጋዘኑ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቷል፤ የፋብሪካ ዩኒፎርም የለበሱ፣ ልጅ ያዘሉ፣ ከሥራ በቀጥታ የመጡ ሰዎች። ማማ አትዬኖ ከመዘምራኑ ጋር ስለምታገለግል ወደ ፊት ሄደች። እኔ በሩ አጠገብ፣ ቶሎ ለመውጣት በሚመች ቦታ፣ ከአንዲት አሮጊት ጎን ተቀመጥኩ።

ቄሱ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። እንዲህ ብለው ጀመሩ፦ «በዚህ ጾም አንዳንዶቻችሁ ሥጋ ትታችኋል። አንዳንዶቻችሁ ስኳር ትታችኋል። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ሰው ትታችኋል። ሰውን መተው ጾም አይደለም።»

ማን ነገራቸው? አልኩ።

ከዚያ ስለ ጌቴሴማኒ ሰበኩ። ጌታ ሊይዙት ከመምጣታቸው በፊት፣ ወዳጆቹን ይዞ ወደ አትክልቱ ስፍራ ገባ፤ ነፍሱ እስከ ሞት አዘነች፤ እነርሱንም ለመናቸው። «ካኤኒ ሃፓ አላቸው» አሉ ቄሱ፤ እዚህ ቆዩ ማለት ነው። «የእግዚአብሔር ልጅ ነው። መላእክት ይታዘዙታል። ግን ሰዎችን አብራችሁኝ ቆዩ ለማለት አላፈረም። እናንተ ለምን ታፍራላችሁ? አዎ፣ እነርሱ ተኙ። ሰው ይተኛል። እርሱ ግን ተመልሶ ቀሰቀሳቸው፣ ደግሞ ለመናቸው። እግዚአብሔር ብቸኝነታችሁን ከላይ ሆኖ የሚያይ አይምሰላችሁ። ወርዶ ገብቶበታል፣ መሬት ላይ ተደፍቶበታል። ፍርሃታችሁ ውስጥ ስትገቡ ባዶ ቤት አይደለም የምትገቡት። እርሱ ቀድሟችሁ አለ። የወደዳችሁ እስከዚያ ድረስ ነው።»

ይህን ሰምቼ ሰላም ያገኘሁ እንዳይመስላችሁ። የሆነው ተቃራኒው ነው። ልቤ ያንኑ አመታቱን ጀመረ። እጄ ደነዘዘ። ተነስቼ ልሮጥ በሩን አየሁት፤ በሩ ላይ ሰው ቆሟል። እዚሁ ልሞት ነው አልኩ፤ በማላውቀው ሰው መሃል። ያን ጊዜ፣ ምን እንዳናገረኝ አላውቅም፣ ወደ አሮጊቷ ዘወር ብዬ በተሰባበረ ስዋሂሊዬ «እፈራለሁ፣ አብረሽኝ ሁኚ» አልኳት።

አሮጊቷ ምን ሆንሽ አላለችኝም። ሻርፗን ከፈተችና ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ፤ እጄን ይዛ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ሕዝቡ እየተነሳና እየተንበረከከ የመስቀሉን መንገድ ይጸልያል። እሷ አልተነሳችም። እኔ አለቀስኩ። በልቤም «ጌታ ሆይ፣ እዚህ ካለህ አትሂድብኝ» አልኩ። ወገኖቼ፣ ያ ነው የመጀመሪያ ጸሎቴ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት ጸሎት በቃሌ ብዬአለሁ፤ የኔ የሆነው ግን ያ ነው።

ልቤ ቀስ እያለ ተመለሰ። ሰው እጄን ይዞኝ ልቤ ሲረጋጋ ያ የመጀመሪያው ነው። በዚያ ወንበር ላይ አንድ ሰው እንዳለ አወቅኩ፤ አሮጊቷን አይደለም የምላችሁ። እንዴት እንዳወቅኩ ብትጠይቁኝ ማስረዳት አልችልም። ጨለማ ክፍል ገብተሽ፣ ሳታዪ፣ የእናትሽን መኖር እንደምታውቂው ነው። ክብር ለእርሱ ይሁን።

ጸሎቱ ሲያበቃ ማማ አትዬኖ ወደ ቄሱ ወሰደችኝ። ነገርኳቸው። ጸለዩልኝና «በቋንቋሽ የሚጸልዩ ሰዎች አቅራቢያሽ አሉ?» አሉኝ።

«አንዲት ጎረቤት አለችኝ» አልኩ።

«እንግዲያው ዛሬውኑ ሂጂ። እኛ ጋም ነይ፣ በራችን ክፍት ነው። እሷን ግን ነገ አትበያት።»

ሳውዝ ሲ ስደርስ ገና አልመሸም። የሰናይት በር ላይ ቆሜ እጄን አንስቼ መለስኩት። ብትስቅብኝስ? ስትመጣ የተደበቅኩባት እኔ ነኝ። ጎረቤት ሁሉ ቢሰማስ? ጌታ ግን «ቆዩ» ማለት አላፈረም አልኩና አንኳኳሁ። ከፈተች። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፣ ቢላዋው እጇ ላይ ነው።

«ሰናይት፣ ብቻዬን መሆን አስፈርቶኛል» አልኳት። «ዛሬ እኔ ጋ ታድሪልኛለሽ?»

ልብ በሉ፣ ከሰላምታ ውጪ ተነጋግረን የማናውቅ ሰዎች ነን። ሰናይት ቢላዋውን አስቀመጠች። «ወጡን ይዤ ልምጣ ወይስ አንቺ ጋ አለ?» አለችኝ።

ይኼው ነው ያለችው። ወጡንም ጋቢዋንም ይዛ መጣች። በላን። ስለ ጋሽ ተፈራ ነገርኳት፤ እሷም አለቀሰች። ከዚያ መጽሐፍ ቅዱሷን ገልጣ ያንኑ የጌቴሴማኒ ቦታ በአማርኛ አነበበችልኝ። በራሴ ቋንቋ ስሰማው ሕይወቴን ለጌታ ሰጠሁ። በማግስቱ ለብርቱካን ደውዬ «ደህና አይደለሁም» አልኳት። እሷም ስልኩ ላይ ተንሰቀሰቀች፤ «እኔም አይደለሁም እኮ» አለች። ሁለታችንም አንዳችን ከሌላችን ስንደበቅ ኖረናል። አሁን በየእሑዱ አብረን እንጸልያለን። ጌታ ይመስገን።

አልዋሻችሁም ወገኖቼ። ፍርሃቱ ሁሉ ጥሎኝ አልሄደም። ሐኪሟ ጋ ክትትሌን አላቋረጥኩም፤ እሷም የእግዚአብሔር ስጦታ ናት። አንዳንድ ቀን አሁንም ይመጣብኛል። ሲመጣ ግን እጠራለሁ፤ አስቀድሜ እርሱን፣ ከዚያ ከእናንተ አንዱን። ዘንድሮ ከማማ አትዬኖ ጋር ለጾሙ ጸሎት ሄጃለሁ፣ ሰናይትም አብራን ሄዳለች። ስዋሂሊው ባይገባትም አልቅሳለች።

እዚህ መካከል፣ ሁሌ ዘግይቶ የሚገባና የመዝጊያው ጸሎት ሳያልቅ የሚወጣ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ስም አልጠራም። «እንዴት ነህ፣ እንዴት ነሽ» ሲባል «ደህና» የሚል። ለአንተ፣ ለአንቺ ነው የምናገረው። ጌታ ያውቅሃል፣ ይወድሻልም። እመኑት፤ እርሱን ጠርቶ ያፈረ የለም። ዛሬ ከጉባኤው በኋላ ቸኩዬ አልሄድም። ፊት ለፊት ባለው ወንበር እቀመጣለሁ። ማውራት የፈለገ ያውራኝ፤ ማውራት ያቃተው አጠገቤ ይቀመጥ። አዳራሹ እስኪዘጋ አለሁ። ሲዘጋም ውጪ እንቆማለን።