ሰፌድ ላይ የለቀምኩት መኪና

ይህ የደረሰብኝ በዚያ በማስተር ፕላኑ ረብሻ ጊዜ፣ በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ቡራዩ ውስጥ ነው። በዕድሜዬ ብዙ ቀን አፍሬ አውቃለሁ። ካፈርኩባቸው ቀኖች ሁሉ ግን ደስ ብሎኝ የማስታውሰው ይሄን ብቻ ነውና ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

እኔ ትምህርት ቤት የሚባል አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ልጅ አዝዬ ነው። ጽሑፌ ወዲያ ወዲህ ቢል አትፍረዱብኝ። እግሬም እንደዚያው ነው፣ አንድ ቦታ አይረጋም። ወንዱ ልጄ ሱሉልታ ይኖራል፣ ሴቷ ሰበታ ናት፤ እኔ በሁለቱ መሀል ስመላለስ ነው ያረጀሁት። ልጆቼ «አንቺንስ እግዜር ጎማ መግጠም ረስቶ ነው የላከሽ» እያሉ ይስቁብኛል።

ያን ቀን ገፈርሳ ለቅሶ ደርሼ ወደ ሰበታ ልሄድ ወጣሁ። የድሮ ጎረቤቴ ሞታ ነው፣ ነፍሷን ይማርና። መንገድ ላይ ስደርስ መኪና የሚባል ነገር የለም። አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፣ ጎማ ይጨሳል፣ ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። ስልኬም ባትሪው አልቋል። በእግሬ ወደ ቡራዩ ትንሽ ተጓዝኩና ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ ባሕር ዛፍ ሥር ቁጭ አልኩ።

«አኮ፣ እዚህ ምን ይሠራሉ?» አለኝ አንድ መንገደኛ። አኮ ማለት በኦሮምኛ አያቴ ማለት ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው።

«ታክሲ እየጠበቅሁ ነው ልጄ።»

«ዛሬማ ታክሲ ከሰማይ ካልወረደ በቀር የለም። ማሎ፣ እባክዎ ይነሡ፣ ቤት እንሂድ» ብሎ ዘንቢሌን ከእጄ ተቀበለኝ። ስሙ ግርማ ነው።

ግቢው ስንገባ ግድግዳ ሥር፣ አግዳሚ ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ካፖርት ደርበው ተቀምጠዋል። «አካም ኦልተን» አልኳቸው፤ እንዴት ዋሉ ማለቴ ነው። ዝም አሉ። ደገምኩ። ዝም። ጆሯቸው የማይሰማ መስሎኝ ጮክ ብዬ ልደግም ስል ግርማ ክንዴን ያዘኝ።

ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ልጄን በራሱ ስልክ አገናኘኝና፣ ሻይ ቀድቶ ከሰጠኝ በኋላ ነገረኝ። «አባቴ ናቸው፣ ኦቦ ቶላ። ይሰማሉ። ግን ቃል ከተናገሩ ወር ሊሆናቸው ነው።»

ኦቦ ቶላ አርባ ዓመት ሹፌር ነበሩ። አንድ አሮጌ ጣሊያን ሠራሽ የጭነት መኪና ነበራቸው፤ ልጆች ያሳደጉበት፣ ይህን ቤት የሠሩበት። በዚያ ወር ከሆለታ ገለባ ጭነው ሲመለሱ መንገድ የዘጉት ወጣቶች አስቆሟቸው። የፋብሪካ መኪና መስሏቸው ነው። «አባ፣ ይውረዱ» አሏቸው። አንዱ ልጅ ካፖርታቸውን ከጋቢናው አውጥቶ ትከሻቸው ላይ አደረገላቸው። ከዚያ መኪናውን ለኮሱት።

ግርማ ይህን ሲነግረኝ ልጆቹን አልረገመም። «የእነሱም ወንድሞች ሞተዋል አኮ። መሬታችን ሊወሰድ ነው ብለው ነው የወጡት» አለኝ። እኔስ ምን እላለሁ? የወንድሞቼ እርሻ ሱሉልታ ነው፤ በዚያ ሰሞን እነሱም እንቅልፍ አልነበራቸውም። የሽማግሌውም አርባ ዓመት አመድ ሆኗል። ሁሉም ያሳዝናል።

ግርማ አባቱን ሐኪም ቤት ወስዷቸዋል፣ ጸበል ወስዷቸዋል። ጥቂት ይቀምሳሉ፣ ይተኛሉ፣ ይነሣሉ። ቃል ግን የለም።

ግርማ ከአልጋው ሥር ሦስት ካርቶን አወጣ። በላያቸው ላይ የመኪና ሥዕል አለ። ውስጡን ሲከፍት ግን መኪና አይደለም፤ ቀጫጭን የፕላስቲክ ዘንግ ላይ የተንጠለጠለ ጎማ፣ በር፣ መሪ፣ ሌላም ሌላም፣ ሁሉም በትንንሹ። ይሄ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚወደው ሥራ ነው ለካ። እየቆረጠ፣ እያጣበቀ፣ ቀለም እየቀባ መዳፍ ላይ የሚቆም መኪና ይሠራል። መደርደሪያው ላይ ወደ አሥር የሚሆኑ ደርድሯል። አንዳቸውም የካርቶኑን ሥዕል አይመስሉም።

«እንደ ሥዕሉ መሥራት አይሆንልኝም አኮ» አለኝ እየሳቀ። «የአንዱን ጋቢና ለሌላው፣ የሌላውን እግር ለሦስተኛው ነው የምገጥመው።»

የአባቱን የመሰለ መኪና በካርቶን አይሸጥም። ስለዚህ ጋቢናውን ከአንዱ፣ ሻንሲውን ከሁለተኛው፣ ጎማውን ከሦስተኛው ወስዶ አምሳያውን ሊሠራላቸው አስቧል። ካርቶኖቹን አውሮፕላን ላይ የሚሠራ ጓደኛው ነው ከውጭ ያመጣለት። «ፎቶ እንኳ የለንም። ሲያዩት ምናልባት አንድ ቃል ይወጣቸው ይሆናል» አለና ካርቶኑን ከደነው። «ብቻ መልቀሙ ነው ጊዜ የሚፈጀው» አለኝ።

እኔ ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ያዝኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ግርማ ዳቦ ፍለጋ ወጣ። እኔ ደግሞ በሰው ቤት እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አላውቅበትም። ቤቱን ጠረግሁ፣ ዕቃ አጠብኩ። አሁንም አልመጣም። ያን ጊዜ ካርቶኖቹ ትዝ አሉኝ። መልቀምማ የእኔ ሥራ አይደለም እንዴ? ሲመጣ ተለቅሞ ቢያገኘው እንዴት ደስ ይለዋል ብዬ አሰብኩ።

ነገሩ የሽምብራ እሸት እንደ መፈልፈል ነው። ዘንጉን ይዞ ፍሬውን ቀጭ፣ ቀጭ ማድረግ። ሦስቱንም ካርቶን ለቀምኩ። በሳሙና አጠብኩት። ሰፌድ ላይ ዘረጋሁና ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ አወጣሁት። ባዶውን ዘንግ ጠቅልዬ ከቆሻሻው ጋር አደረግሁ። ኦቦ ቶላ አግዳሚያቸው ላይ ሆነው ያዩኛል፣ ምንም አይሉም።

ሲደርቅ ከሥሩ ደቃቅ ደቃቅ ነገር ቀረ። ገለባው ነው አልኩ። ሰፌዱን ብድግ አድርጌ አንገዋለልኩት፣ እፍ አልኩበት። ደቃቁ መሬት ወረደ። ዶሮዋ ሮጣ መጣች።

«ስፖኪዮውን! ዶሮዋ ስፖኪዮውን ዋጠችው!»

ዞር ስል ሽማግሌው ቆመዋል። ካፖርታቸው አግዳሚው ላይ ቀርቷል። ከዘራቸውን ይዘው ዶሮዋን ያባርራሉ፣ ዶሮዋ ትጮኻለች፣ እሳቸውም ይጮኻሉ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምስር መሰለሽ? የመኪና መስታወት እኮ ነው! መኪና እፍ ይባላል?»

«ይቅር ይበሉኝ ኦቦ፣ ገለባ መስሎኝ...»

«ገለባ! እግርሽን አታንቀሳቅሺ፣ የቀረውን ልትረግጪው ነው!»

ተንበርክከው አፈሩን በጣታቸው ይፈትሹ ጀመር። እኔ ሰፌዱን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ሰውየው መናገራቸው የገባኝ ትንሽ ቆይቶ ነው። በስድብ ብዛት አላስተዋልኩትም።

ግርማ በሩ ላይ ቆሟል፣ ዳቦ ደረቱ ላይ ታቅፎ። አባቱን አየ። ዓይኑ እንባ ሞላ። ከዚያ ሰፌዱን አየ። ከዚያ ቆሻሻው ላይ የተጣለውን ባዶ ዘንግ አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«አኮ... ቁጥሮቹስ?» አለኝ።

ጥፋቴን ያወቅሁት እዚህ ላይ ነው። ለካ በእያንዳንዱ ፍሬ አጠገብ፣ ዘንጉ ላይ፣ ደቃቅ ቁጥር ተጽፏል። ከካርቶኑ ጋር የሚመጣው ወረቀት ደግሞ ይሄ ቁጥር ከዚያ ቁጥር ጋር ይጣበቃል እያለ ነው የሚመራው። ፍሬው ከዘንጉ ከወጣ የት እንደሚገባ የሚያውቅ የለም። እኔ ሦስት መኪና ፈልፍዬ አንድ ላይ ደባልቄያለሁ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ አለቀስኩ።

«ምን ያስለቅሳታል? እኔ ነኝ እንዴ?» አሉ ኦቦ ቶላ። «የምን ቁጥር ነው?»

ግርማ እየተንተባተበ ነገራቸው። «የእርስዎን መኪና ልሠራው ነበር አባ» አላቸው።

ሽማግሌው ሰፌዱን ከእጄ ወስደው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። ዝም ብለው አዩት። ዝምታው ሲረዝም ወደዚያው ዝምታቸው ተመለሱ፣ ያቺ ስድብ የመጨረሻ ቃላቸው ነበረች አልኩ። ከዚያ ጥፍር የምታህል ነገር አነሡ።

«ባሌስትራ ነው ይሄ፣ ጭነቱን የሚሸከመው ሞላ። የኋላ።» ሌላ አነሡ። «ይሄ የኛ አይደለም፣ የቱጃር መኪና ነው፣ ጣለው።» ሌላ አነሡ። «አርባ ዓመት ሥሩ ስተኛ ቁጥር እያነበብኩ ነው እንዴ? ምላጩን አምጣ።»

መንገዱ ሁለት ቀን ተዘግቶ ቆየ። እኛ ሦስታችን ግቢው ውስጥ መኪና ስንሠራ ዋልን። ኦቦ ቶላ ይለያሉ፣ ግርማ ይቆርጣል፣ ያጣብቃል። የሽማግሌው እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ደቃቁን የምይዘው እኔ ነኝ፤ እሾህ ማውጫ ወረንጦዬ ሁልጊዜ ከአንገቴ አይለይም፣ በእሷ ነው። ጋቢናው አፍንጫው ሾለብን፤ «የኔ መኪና ግንባሩ እንደ በሬ ነው» ስላሉ ግርማ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ አስተካከለው። የፊትና የኋላ ጎማ ከተለያየ ካርቶን ስለመጣ አልመጣጠን አለ። «ተወው፣ የኛም አንድ ዓይነት ጎማ ኖሮት አያውቅም» አሉ።

ዶሮዋን ቅርጫት ደፍተንባት አንድ ቀን ሙሉ ጠበቅናት። እንቁላል ብቻ ጣለች። «ሰብረሽ እዪው፣ ምናልባት እዚያ ውስጥ ይሆናል» አሉኝ ኦቦ ቶላ፣ ሳይስቁ። እኔም አላስቻለኝም፣ ሰብሬ አየሁት። በመጨረሻ ግርማ ከመድኃኒት ማሸጊያ ላይ የሚያብረቀርቀውን ቆርጦ አዲስ ስፖኪዮ ሠራ።

ሁሉም ሳቅ ነበር ማለቴ ግን አይደለም። ሁለተኛው ቀን ከሰዓት የጋቢናው በር ሲገጠም ኦቦ ቶላ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው በመስኮቷ ወደ ውስጥ አዩ። ከዚያ እንባቸው ወረደ።

«ገለባ ባልጭን አይነድም ነበር» አሉ። «ድንጋይ ጭኜ ቢሆን እንዲያ አይነድም ነበር። እኔ ነኝ የጫንኩት።»

ያን ሁሉ ቀን አፋቸውን የዘጋው ይሄ ነበር ማለት ነው። በፊተኛው ቀን ገለባ መስሎኝ ማለቴ ትዝ ብሎኝ ምላሴን ነከስኩ። እንባቸውን በእጅጌያቸው እስኪጠርጉ ጠበቅሁና ቀጣዩን ዕቃ በወረንጦዬ ይዤ ወደ እጃቸው አቀረብኩላቸው። ተቀበሉኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መንገዱ ተከፈተ ተባለ። መኪናው ቀለም አልተቀባም፣ ጭነት የሚይዘው ጎኑም ገና ነው። ዘንቢሌን ይዤ ስወጣ ሁለቱም ሊሸኙኝ ተነሡ። ኦቦ ቶላ መኪናቸው ከነደደ ወዲህ ከግቢ ሲወጡ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው። አባትና ልጅ መንገዱን ሙሉ ይከራከራሉ፤ የጭስ ማውጫው፣ ማርሚታው፣ በየት በኩል ነው እያሉ። ልጁ በግራ ነው ይላል፣ አባት በቀኝ።

አስፋልቱ ዳር ስንደርስ የተቃጠለው የኦቦ ቶላ መኪና ቦዩ አጠገብ ተገፍቶ ቆሟል። ጎማ የለውም፣ መስታወት የለውም፣ ዝገት ብቻ ነው። ግርማ ክርክሩን አቋርጦ አባቱን ወደ ማዶ ሊያሻግር ክንዳቸውን ያዘ። እኔም ጸሎት ጀመርኩ። እሳቸው ግን እጁን አስለቀቁት። ቀጥ ብለው ወደ መኪናው ሄዱ፣ ብረቱን አንድ ጊዜ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፣ ከዚያ መሬት ላይ በጀርባቸው ተጋደሙና ሥሩ ገቡ።

«ግርማ! ና እይ! በቀኝ ነው አላልኩህም?»

በዚህ መሀል አንድ ሚኒባስ መጣ። ረዳቱ «አስኮ! አስኮ! እማማ፣ ቶሎ ይግቡ» ብሎ ዘንቢሌን ተቀብሎ ወደ ውስጥ ወረወረልኝ።

«ኦቦ ቶላ፣ መሄዴ ነው!» ብዬ ጮኽኩ።

የሚታየኝ ሁለት ጫማቸው ብቻ ነው። «ግባና እይ እንጂ! እዚያ ቆመህ ምን ይታይሃል?» ይላሉ፣ ለልጃቸው። ግርማ በዓይኑ ይቅርታ ጠየቀኝና በንጹሕ ሸሚዙ አፈሩ ላይ ተጋደመ። ሚኒባሱ ሲነሣ በመስኮት አየሁ፤ አራት እግር ከመኪናው ሥር ወጥቷል፣ ክርክሩ ቀጥሏል።

ሰበታ ስደርስ ልጄ «ሦስት ቀን ምን ስትሠሪ ከረምሽ?» አለችኝ። «መኪና» አልኳት። ግንባሬን ዳሰሰችኝ።

ግርማ ከወር በኋላ ደውሎ አለቀ ብሎኛል፤ ማርሚታው በቀኝ ነው። ሄጄ አላየሁትም፣ ዛሬ ነገ እያልኩ ዓመታት አለፉ። ከዚያ ወዲህ የሰው ዕቃ ሳልጠይቅ አልነካም። ያ ባዶ ዘንግ ትዝ ሲለኝ ዛሬም ፊቴ ይግላል፤ ጥፋት ጥፋት ነው፣ መጨረሻው አማረ ተብሎ አይመሰገንም። ኦቦ ቶላ ግን ደህና ሁኚ ሳይሉኝ መቅረታቸው አንድም ቀን ቅር ብሎኝ አያውቅም። ሥራ ላይ ነበሩ።