ራሷን ወደ ላይ ያደረገችው ሸረሪት

ይህ የደረሰው በደርግ ዘመን፣ ብቸና ላይ የባዮሎጂ መምህር በነበርኩበት ጊዜ ነው። ከዚያ ዘመን ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ የተማሪዎቼን ስም፣ የአለቆቼንም መልክ ሳይቀር። ይህን ግን አልረሳሁም። ያልረሳሁትም እንዳልረሳው ስለ ወሰንኩ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከአንድ የውጭ አገር መምህሬ የገዛሁት አሮጌ ካሜራ ነበረኝ። ጥቃቅን ነገር አቅርቦ የሚያነሳ ሌንስ ግን አልነበረኝም። ስለዚህ ያለኝን ሌንስ ገልብጬ፣ የፊቱን ወደ ኋላ አድርጌ፣ ቆርቆሮ ሠሪ ባበጀልኝ ቀለበት ከካሜራው ጋር አጋጠምኩት። እንዲህ የተገለበጠ ሌንስ የዝንብን ዐይን ባቄላ አሳክሎ ያሳያል። ነገር ግን ከሚነሳው ፍጡር አንድ ጋት ያህል ቀርቦ፣ ትንፋሽን ውጦ መጠበቅን ይጠይቃል። ነፋስ ጥቂት ካወዛወዘው ሁሉም ይደበዝዛል።

የተከራየሁበት ቤት ጓሮ ጌሾ ነበረበት። ክረምቱ ሲወጣ በጌሾው መካከል ትልልቅ ሸረሪቶች ድራቸውን ይዘረጋሉ። ሁለት ወቅት ሙሉ፣ በየማለዳው ወደ ክፍል ከመግባቴ በፊት፣ ሲመገቡ አነሳኋቸው፤ ፌንጣውን በድር ሲጠቀልሉት፣ ሲነክሱት፣ ውስጡን አሟሙተው ሲመጥጡት።

አከራዬ እማማ የሹምነሽ ነገሩን አልወደዱትም።

«መምህር፣ ስትበላ አትያት» ይሉኝ ነበር። «በሚበላ ፍጡር ላይ ዐይን አይጣልም። አንተንስ እንጀራህ ላይ እንዲህ ቢያፈጡብህ ትወዳለህ?»

«እሷ እኮ አታየኝም እማማ፤ ዐይኗ ደካማ ነው።»

«እንዲያውማ የባሰ ነው። የማያይን ተደብቆ ማየት ሌብነት አይደለም?»

ታደለ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። በአንድ ግቢ ተከራይተን፣ ከአንድ ትሪ እንበላ ነበር። በጥር ወር ወደ ሞጣ ሲዛወር የዘጠኙን ምርጥ ፎቶዎች ነጋቲቭ ሰጠሁት፤ ሞጣ ጥሩ ፎቶ ቤት ስለ ነበር በትልቁ አሳጥቦ እንዲልክልኝ። በደብዳቤ በጠየቅሁት ቁጥር፣ «ፎቶ ቤቱ ወረቀት አልቆበታል፤ ታገሥ» እያለ ይመልስልኝ ነበር። ታገሥኩ።

በጥቅምት ወር ሞጣ ላይ መምህራን የሠሯቸው የማስተማሪያ መሣሪያዎች ኤግዚቢሽን ተዘጋጀ። አንደኛ የወጣ መምህር ለአንድ ዓመት ሥልጠና አዲስ አበባ ይላካል ተባለ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ጀምሮ የምመኘው ይህንን ነበር፤ ወደ ቤተ ሙከራና ወደ መጻሕፍት መመለስ። ፎቶዎቼ ስላልደረሱልኝ በእጄ የሣልኩትን የልብ ሥዕል ጠቅልዬ በአውቶቡስ ሄድኩ።

አዳራሹ ውስጥ ስገባ ዘጠኙ ሸረሪቶቼ ግድግዳው ላይ ተሰቅለው ጠበቁኝ። ከሥራቸው የተጻፈው የታደለ ስም ነበር።

ታደለ አቅፎ ሳመኝ። «ምነው ፊትህ ጠቆረ? እንኳን ደስ ያለህ በለኝ እንጂ» አለ። ከዚያም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ደግሞስ ያንተ ለመሆኑ ማን ይመሰክርልሃል? ሸረሪቷ?» አለኝ።

ወደ ግድግዳው ተጠጋሁ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየሁ። ያን ጊዜ ነው ስሕተቱን ያስተዋልኩት። ይህች የጓሮ ሸረሪት ድሯ መካከል የምትቀመጠው ራሷን ወደ ታች ዘቅዝቃ ነው። ታደለ ግን ፍጡር ሁሉ ራሱ ከላይ መሆን አለበት ብሎ፣ ዘጠኙንም ገልብጦ ሰቅሏቸዋል። እኔ ካሜራውን ዘቅዝቄ የያዝኩ መስሎት ነበር።

ከሰዓት በኋላ፣ የዚያ ዘመን ደንብ እንደሚያዝዘው፣ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ነበር፤ እያንዳንዱ ተነሥቶ የራሱንም የባልደረባውንም ጥፋት የሚናገርበት።

«ጓድ ሰብሳቢ፣ ሂስ አለኝ» ብዬ ተነሣሁ። «ጓድ ታደለ፣ ሸረሪቷ ስትመገብ ራሷ ወዴት ነው?»

«እንደምታየው ወደ ላይ ነዋ» አለ። «የባዮሎጂ መምህሩ አንተ አይደለህም እንዴ?» ሰው ሳቀ።

«ለምን ያህል ጊዜ ተከታተልካት?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ።»

«እንግዲያው የግቢው አጥር ቅርብ ነው፤ በዚህ ወር ሸረሪት አይጠፋበትም። ወጥተን እንያት።»

ሰብሳቢው ጥቂት አመንትተው ተነሡ፤ እኛም ተከተልናቸው። የቁልቋሉ አጥር ላይ ሦስት ድር አገኘን። ሦስቱም ሸረሪቶች ተዘቅዝቀው ነበር፤ አንዷ ንብ ጠቅልላ ትመጥጣለች። ሰብሳቢው ጎንበስ ብለው ብዙ አዩ።

«ጓድ ታደለ» አሉ ቀና ሳይሉ፣ «እነዚህ ያንተን ፎቶ አላዩትም መሰለኝ።»

የሳቁን ብዛት ልገልጸው አልችልም። ታደለ በምን ዓይነት ሌንስ፣ ከምን ያህል ርቀት እንዳነሳቸው ጠየቅሁት፤ አንዱንም አልመለሰም። ፎቶዎቹ የማን እንደ ሆኑ በዚያ ለነበረ ሁሉ ግልጽ ሆነ።

እዚህ ላይ ባቆም በቂ ነበር። አላቆምኩም። «ይህ ሰው የግል ዝናውን ከሰፊው ሕዝብ ጥቅም ያስቀደመ አድኃሪ ነው» አልኩ። ያ ቃል በዚያ ዘመን ምን እንደሚያስከትል ሁላችንም እናውቅ ነበር። ታደለ ክንዴን ያዘ። «ወንድሜ፣ እባክህ» አለኝ ቀስ ብሎ። ሰማሁት። ቃሉን ደገምኩት።

ሁለት ወር ታሰረ። ከዚያም ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ወዳለች ትንሽ ትምህርት ቤት ተዛወረ። ሥልጠናው ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ ነጋቲቮቼም አልተመለሱልኝም።

ከዓመታት በኋላ ታደለ ሦስት ሽማግሌዎች ላከብኝ። ምሳ አቀረብኩላቸው፤ በሉ፣ መረቁኝ። ከዚያ ታላቅየው፣ «መምህር፣ ለአንዲት ሸረሪት ይህን ያህል ዘመን መቀያየም ይገባል?» አሉኝ።

«ዘጠኝ ነበሩ አባቴ» አልኳቸው። «ፎቶዎቹ የእኔ መሆናቸውን በእጁ ጽፎ ይላክልኝ። እኔም አድኃሪ ያልኩት በሐሰት መሆኑን በእጄ ጽፌ እልክለታለሁ።»

መልእክቱን አደረሱ። ወረቀቱ አልመጣም።

ዛሬ ሁለታችንም አርጅተናል። ተመልሶ ሞጣ እንደሚኖር ሰምቻለሁ። የንስሐ አባቴ ይቅር እንድል በየጾሙ ይመክሩኛል፤ እኔም በአክብሮት አዳምጬ እሸኛቸዋለሁ። አጥሩ ሥር የተሳቀውን ሳቅ ሳስታውስ አሁንም ደስ ይለኛል፤ ይህን አልሸሽግም። «ወንድሜ» ያለኝን ሳስታውስ ግን ደስ አይለኝም። የእኔን ድርሻ ወረቀት ከብዙ ዓመት በፊት ጽፌ፣ ፈርሜበት፣ ሣጥኔ ውስጥ አስቀምጫለሁ። የእርሱ እስኪመጣ ድረስ ከዚያ አይወጣም።