የማን ቀኝ

አብረን የሠራነው የመጨረሻ ነገር ጋቢ መጭመቅ ነበር።

ክረምቱ ገና አልወጣም። ሞጣ፣ ቤታችን ጓሮ፣ ፀሐይ ለአፍታ ብልጭ ያለችበት ከሰዓት በኋላ። ባለቤቴ ከሥራ ቀደም ብሎ ወጥቶ ነበር። ጋቢው የእሱ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ እንደ በግ ይከብዳል፣ ብቻዬን አላነሣውም። አንዱን ጫፍ እኔ፣ ሌላውን እሱ ይዘን ፊት ለፊት ቆምን።

ጋቢ ለሁለት ጨምቆ የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቃል፤ ሁለቱም ወደየራሳቸው ቀኝ ሲጠመዝዙ ጋቢው ይከርራል፣ ውሃውም ይወርዳል። አንዱ ወደ ቀኙ፣ ሌላው ወደ ግራው ከጠመዘዘ ግን ጋቢው እንዳለ አየር ላይ ይሽከረከራል እንጂ ጠብ የሚል ነገር የለም።

«ወደ ቀኝ!» አልኩት።

«የማን ቀኝ?»

«የማን ቀኝ ይባላል እንዴ? ቀኝ ነዋ!»

«የአንቺ ቀኝ እኮ በእኔ በኩል ግራ ነው። ፊት ለፊቴ ቆመሽ አታምታቺኝ።»

«አባቴ ቀኝና ግራውን ለማያውቅ ሰው ነው የዳሩኝ?»

«አባትሽ የጠየቁኝ በሬ ማጥመድ እችል እንደሆነ ነው። ስለ ጋቢ ያነሣ ሽማግሌ አልነበረም።»

ይህን ብሎ ሆን ብሎ ወደ ግራው ጠመዘዘው። ጋቢው ተሽከርክሮ ውሃውን በሁለታችንም ላይ ረጨው። እኔ እየጮኽኩ ነበር፤ እሱ ወደ እኔ እያየ ይስቅ ነበር። ልትጠይቀን የመጣችው እህቴ የጓሮው በር ላይ ሆና በስልኬ አነሣችን።

በማግስቱ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቆመ። ጋቢው ገና ገመድ ላይ ነበር።

እናቱ የሚኖሩት ቢቸና ነው። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። ከቀብሩ በኋላ፣ ለቅሶ ላይ ሳለን፣ ያችን የጋቢ ፎቶ በስልኬ አሳየኋቸው። ስልኩን አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት፤ ወዲያና ወዲህ አዘነበሉት።

«ልጄን የምስር ፍሬ አሳክለሽ ታሳዪኛለሽ?» አሉኝ። «ለተዝካሩ ትልቅ አድርገሽ አምጪልኝ። ፊቱን ልየው።»

ሌላ ፎቶ ፈለግሁ። የለም። ሁልጊዜ ስልኩን ይዞ የሚያነሣው እሱ ነበር፤ እኔ አለሁ፣ እህቶቼ አሉ፣ የጎረቤት ሠርግ አለ፣ እሱ የለም። መታወቂያው ላይ ያለው ሳንጋባ የተነሣው ነው፤ የተቆጣ የሚመስል፣ እኔ የማላውቀው ጎረምሳ። ስለዚህ ያችኑ ይዤ ሄድኩ።

ሞጣ ገበያው አጠገብ አንድ ፎቶ ቤት አለ። ባለቤቱ ከድሮ ጀምሮ በንግድ የሚታወቁ የሙስሊም ቤተሰብ ልጅ ነው፤ አባቱ ጨርቅ ይሸጡልን ነበር። ለቅሶም መጥቶ ነበር። ስገባ ከወንበሩ ተነሣ።

«አብሽሪ እህቴ» አለኝ። «ፈጣሪ ያጽናሽ።»

ፎቶውን ወደ ኮምፒውተሩ አስገብቶ የባለቤቴን ፊት አጎላው። ፊቱ ወደ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተበተነ፤ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቢጫ፣ እንደ ሰፌድ ስፌት።

«ድሮ ቢሆን እዚህ ላይ እናቆም ነበር» አለ። «ከዚህ በላይ ሲጎላ ይፈርሳል። አሁን ግን ሶፍትዌር አለ። ጥራቱ ሳይቀንስ ያጎላዋል፤ የጎደለውን ራሱ ይሞላዋል።»

«ከየት አምጥቶ?»

«ብዙ ሰው አይቷል። ዓይን ምን እንደሚመስል፣ ጢም እንዴት እንደሚበቅል ያውቃል። እዚህ ቦታ ላይ ምን ሊኖር ይችላል ብሎ ይገምታል።»

«እሱን ግን አላየውም።»

«እሱንማ የት አይቶት» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አንድ አረንጓዴ መስመር ስክሪኑ ላይ ቀስ እያለ ይረዝም ጀመር። ከዚያ ፊቱ መጣ። ጉም ከሜዳ ላይ ሲነሣ አጥሩም፣ ዛፉም፣ ከብቱም አንድ በአንድ እንደሚለይ፣ መጀመሪያ አገጩ፣ ከዚያ ጉንጩ፣ ከዚያ የጢሙ ፀጉር ዘለላ በዘለላ ወጣ። የከንፈሩ ስንጥቅ ሳይቀር ይታያል። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ «እሱ ነው! እሱ ነው!» አልኩ። ባለ ፎቶ ቤቱ እንዳለቅስ ትቶኝ በሩ ላይ ወጥቶ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ።

እንባዬን ጠርጌ ቀና ስል ከስክሪኑ ላይ ያየኛል።

በትንሿ ፎቶ ላይ ዓይኑ ጥላ ብቻ ነው፤ ጥቁር ነጥብ። እኔ ግን ወዴት እንደሚያይ አውቃለሁ። የጋቢውን ሌላ ጫፍ ይዤ ወደቆምኩበት፣ ወደ እኔ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰው ቀጥ ብሎ ከፊቱ ያለውን ሁሉ ያያል። ከወንበሬ ተነሥቼ ወደ ጎን ሄድኩ። አሁንም ያየኛል። ወደ በሩ ጠጋ አልኩ። አሁንም። ባለ ፎቶ ቤቱ ሲመለስ እሱንም አየው።

ከዚያ ነው ቅንድቡን ያስተዋልኩት።

ባለቤቴ ልጅ ሳለ በሬ ወግቶት፣ አንዱ ቅንድቡ መሐል ላይ የገብስ ፍሬ የምታህል ጠባሳ ነበረችው። ፀጉር አይበቅልባትም። እናቱ ገና አዲስ ሙሽራ ሳለሁ ታሪኩን ነግረውኛል፤ ደሙ አልቆም ሲል የቀሚሳቸውን ጫፍ ቀደው አሰሩለት። እኔም ሳወራው ብዙ ጊዜ ጣቴን እዚያች ላይ አሳርፍ ነበር። የዚህ ሰውዬ ቅንድብ ግን ሁለቱም ሙሉ ናቸው፤ የተዋቡ፣ የተሟሉ።

«ጠባሳ ነበረው» አልኩ። «ቅንድቡ ላይ።»

«አይ፣ ለሱ ችግር የለም። በእጄ እጨምርበታለሁ። በየት በኩል ነበር?»

«በቀኝ።»

«የማን ቀኝ? የእሱ ነው ወይስ እኛ ስናየው?»

በክፋት አልነበረም የጠየቀኝ። ሥራው ነው፤ ማንም ባለ ፎቶ ቤት ይህንኑ ይጠይቃል። እኔ ግን ያ ቃል ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ስሰማ ዘወር ብዬ አየሁ።

እጄን አነሣሁ። መጀመሪያ ወደ ራሴ ቅንድብ ወሰድኩት፣ ከዚያ ወደ ስክሪኑ። በዚህኛው ላይ አሳረፍኩት፤ ልክ መሰለኝ። በዚያኛው ላይ አሳረፍኩት፤ እሱም ልክ መሰለኝ። ጠዋት ማታ ያየሁት ፊት ነው። ዓይኔን ጨፍኜ እሱን ራሱን ላመጣው ሞከርኩ። የመጣው ግን ይኸው ሙሉ ቅንድብ ያለው ሰውዬ ነው። ቀጥ ብሎ አየኝ።

«ተወው» አልኩት። «እንዲሁ ይታተም።»

ወደ ቢቸና በሚኒባስ ሄድኩ። ፍሬሙን በነጠላ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አቁሜው ነበር፣ ፊቱን ወደ እኔ አድርጌ። ደብረ ወርቅ ሳንደርስ አዞርኩት። በነጠላው ውስጥ የሚያየኝ መሰለኝ።

«መስታወት ነው የኔ ልጅ?» አሉኝ አጠገቤ የተቀመጡ ሴት። «እንዳይሰበርብሽ፣ ደገፍ አድርጊው።»

«አዎ» አልኩ። «መስታወት ነው።»

ተዝካሩ ላይ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ አቆሙት። የሚገባው ሰው ሁሉ ፎቶው ፊት ደርሶ ይቆማል።

«ውይ! ቁርጥ እሱን!» አለች አንዷ ዘመድ፣ ደረቷን እየመታች።

«ቁርጥ እሱን ነው! ሊናገር እኮ ምንም አልቀረው!»

አማርኛ አስተምራለሁና ቃል ሲያልፈኝ አልወድም። «ቁርጥ አባቱን»፣ «ቁርጥ አክስቷን» እንላለን። ስለ ሌላ ሰው ነው የምንለው፤ ስለሚመስለው እንጂ ስለ ራሱ አይደለም። ባለቤቴ በዚያ ድንኳን በር ቢገባ ማንም «ቁርጥ እሱን» አይለውም ነበር፤ በስሙ ይጠሩት ነበር። ሰዎቹ ሳያውቁት እውነቱን እየተናገሩ ነበር። ደግሞም አንድ ነገር ላይመለስ ሲያበቃ ቁርጡ ታወቀ ይባላል። እንጀራውን እያቀረብኩ ሁለቱንም ሰማሁ።

እናቱ ወንበር አስጠግተው ከፎቶው ፊት ተቀመጡ። ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አሳረፉ፤ በጉንጩ፣ በአፍንጫው፣ በቅንድቡ ላይ አስኬዱት።

«መጣህ ልጄ» አሉት።

ከዚያ ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «ዓይኑን ከኔ አይነቅልም» አሉኝ። ፈገግታቸው እንደ ልጅ ነበር። «ያች ምስር የምታህለው ግን ወዲያ ነበር የምታየው።»

ወዲያ ያሉት እኔን ነው።

ሰው እስኪቀል ጠበቅሁ። ድንኳኑ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ስንቀር ዝቅ ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸው ካላወቁ ማን ሊያውቅ ነው?

«እማማ፣ ያኔ በሬው የወጋው በየትኛው ቅንድቡ ነበር?»

ፎቶውን ረጅም ጊዜ አዩት።

«የቱ በሬ?»

«ልጅ ሳለ የወጋው። እርስዎ ራስዎ ነግረውኛል እኮ፤ የቀሚስዎን ጫፍ ቀደው ያሰሩለት።»

«ልጄን በሬ ወግቶት አያውቅም» አሉ። ድምፃቸው የእርግጠኛ ሰው ድምፅ ነበር። «አታይውም? ይኸው ነው። ምን ሆኗል?»

አልተከራከርኳቸውም። ልጃቸው ምንም ሳይነካው በማደጉ ደስ ብሏቸው ነበር።

ፎቶውን ቢቸና ተውኩት። ጠዋት ሲነሡ እንዴት አደርክ እንደሚሉት፣ ቤቱ ሲዘጋ ብቻውን እንዳይሆን መስኮቱን ገርበብ እንደሚያደርጉለት ሰምቻለሁ። ባለ ፎቶ ቤቱ በስልኬ ላይ የጫነልኝን ቅጂ ግን ሞጣ እንደገባሁ አጠፋሁት። ከዓይኔ ግን አልጠፋም። ሰሐን ሳጥብ ይመጣል፣ የተማሪ ደብተር ሳርም ይመጣል፤ ሙሉ ቅንድቡን ይዞ፣ ጥርት ብሎ፣ እኔን ጨምሮ ማንንም እያየ። የእኔው ባለቤት አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ጥርት ብሎ አልመጣልኝም። እሱ እየራቀ፣ ይህኛው እየቀረበ ነበር።

ጋቢውን ለማጠብ ብዙ ጊዜ ፈርቼ ነበር። አንድ ቀን ከሣጥን አወጣሁትና አጠብኩት። የሚይዝልኝ ስላልነበረ አንዱን ጫፍ ከአጥሩ እንጨት ጋር ጥብቅ አድርጌ አሰርኩ፤ ሌላውን ይዤ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። ወደ ቀኜ ጠመዘዝኩ። ከረረ። ውሃው መውረድ ጀመረ። ክንዴ ዝሎ ቀና ስል፣ ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገብታ፣ ከጋቢው ማዶ እሱ ቆሟል። ትንሽ ነው። ፊቱ በደንብ አይለይም። ይስቃል፣ ወደ እኔ ነው የሚያየው። ቅንድቡን ለማየት ሩቅ ነበር። ልጠጋ አላልኩም። ጫፉን ብለቀው የሚሄድ ስለመሰለኝ ውሃው እስኪያልቅ ድረስ ይዤው ቆየሁ።

ጠባሳዋ በየትኛው ቅንድቡ ላይ እንደነበረች እስካሁን አላውቅም። ያችን ትንሽ ፎቶ በስልኬ አያታለሁ፤ በጣቴ ግን አላጎላትም።

ጋቢውን አሁን ማንም አይለብሰውም። በየጊዜው አጥበዋለሁ። አንዱን ጫፍ ከአጥሩ እንጨት አስሬ፣ ሌላውን ይዤ ወደ ቀኜ እጠመዝዛለሁ።