በእርዳችን ዕለት የተደረገው ስብሰባ

ጌታ መልካም ነው! ምነው ድምፃችሁ ቀዘቀዘ? ጌታ መልካም ነው! አዎ፣ እንደሱ። ፓስተር አምስት ደቂቃ ብሎኛል። ባሌ ደሳለኝ እዚያ ጋ ተቀምጦ ሰዓቱን እያየ ነው፤ እሱ መቼም ያውቀኛል። ግን ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ብቀመጥ ይህች ቀኝ እጄ ራሷ ትታዘበኛለች።

እኔ ከአማኝ ቤት ነው የተወለድኩት። አባቴ ወንጌላዊ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ መዘምራን ውስጥ ነኝ። መዝሙር አውቃለሁ፣ ጥቅስ አውቃለሁ፤ ጌታን ግን አላውቀውም ነበር። እሁድ እዘምራለሁ፣ ሰኞ አለቃዬን እፈራለሁ። ጌታዬ አለቃዬ ነበር ብል ይቀላል።

ሥራዬ ወልቂጤ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነኝ፤ ስሙን አልጠራም። ደሳለኝ እዚሁ ቡታጅራ በርና መስኮት ይበይዳል፣ ልጆቼም እዚሁ ናቸው። አርብ አርብ በሚኒባስ እመጣለሁ፣ ሰኞ ማለዳ እመለሳለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ዝውውር ጠየቅኩ። ትንሿ ልጄ ለጎረቤት «እማዬ እንግዳ ሆና መጣች» ስትል ሰምቼ ያለቀስኩትን እኔ ነኝ የማውቀው።

ኃላፊያችን ሥልጣኑ ልክ አልነበረውም። ስልጠና ሲመጣ የሚሄዱት ያው ሦስቱ የእሱ ሰዎች ናቸው። ሌላው አፉን ይዞ ይቀመጣል። አንድ ቀን ታዲያ ሸምሱ የሚባል የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ረጋ ያለ የመስቃን ሰው ነው፣ ሙስሊም ነው፣ በሁላችን ፊት ተነሥቶ «ስልጠናው ለምን ተራ አይኖረውም?» አለ። ይኼው ነው ወንጀሉ። በዚህች ጥያቄ ሰውየው ጠላት ሆነ።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ኃላፊው ጠራኝና በሩን ዘጋ። «መሰረት፣ ቃለ ጉባኤ ትጽፊልኛለሽ» አለኝ።

«የምን ስብሰባ ነው ጌታዬ?»

«ሸምሱ ሠራተኛውን የሰደበበት፣ ሥራ ያወከበት ስብሰባ ነው። ነገሩ የቆየ እንዲመስል ወር ገደማ ወደ ኋላ አድርገሽ ቀን ስጪው።»

እንዲህ ያለ ስብሰባ አልተደረገማ! ከዚያ መሳቢያውን ከፈተና የዝውውር ማመልከቻዬን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከዚህ በላይ ምን ይበል?

ጻፍኩት። ቀን መቁጠሪያ እንኳ አላየሁም፤ ቶሎ ልገላገል ብዬ የመጣልኝን ቀን አኖርኩ። ፈረምኩም። የኛን ቢሮ ጠባይ ታውቃላችሁ፤ ቃለ ጉባኤ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል፣ ማንም አያነበውም፣ ሰው ከላይ የተፈረመውን አይቶ ከታች ይፈርማል። በግማሽ ቀን ስምንት ፊርማ ሞላ። ሸምሱ ወረቀቱን ሳያየው የእገዳ ደብዳቤ ደረሰው። ልጆች ያሉት ሰው እኮ ነው።

ለደሳለኝ ነገርኩት። «አንቺ ጸሐፊ ነሽ፣ የታዘዝሽውን ጻፍሽ። ዝውውሩ ብቻ ይምጣ» አለኝ። አትሸማቀቅ ደሳለኝ፣ እናገራለሁ ብዬሃለሁ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የቀኝ እጄ ሦስት ጣቶች ደነዘዙ። ብርጭቆ ይወድቅብኛል፣ ቁልፍ ማዞር አቃተኝ፣ እስክሪብቶ መያዝማ የማይታሰብ ሆነ። ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ በመርፌ ነካካኝ፣ አስመረመረኝ፣ በመጨረሻ «እህቴ፣ እጅሽ ላይ ያገኘነው ችግር የለም። የሚያስጨንቅሽ ነገር አለ?» አለኝ። «ኧረ ምንም!» አልኩት። እስቲ አሁን ለሐኪም ይዋሻል?

ወልቂጤ የጸሎት ኅብረት ሄድኩ። እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ወይ ፍንክች! እዚያ እትዬ አስካለ የሚባሉ ገበያ ላይ ጨርቅ የሚሸጡ እናት አሉ። ማለባበስ አያውቁም። በሦስተኛው ሳምንት እጃቸውን ከራሴ ላይ አነሡና «ልጄ፣ እኛስ ደከመን። የደበቅሽን ነገር ምንድን ነው?» አሉኝ።

ፈነዳሁ። እያለቀስኩ ሁሉንም ዘረገፍኩ። ያቅፉኛል ብዬ ስጠብቅ «ታዲያ ይኼ ምን ጸሎት ይፈልጋል? ይኼ ሄዶ መናገር ነው የሚፈልገው! ተነሺ!» አይሉኝ መሰላችሁ! እኔ ግን ከመነሣቴ በፊት ተንበርክኬ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ፣ «ጌታ ሆይ፣ እስከ ዛሬ ሰው ነበር ጌታዬ፤ ከዛሬ ጀምሮ አንተ ሁን» አልኩት። ሃሌ ሉያ! እኔ የዳንኩት ያን ቀን ነው ወገኖቼ። እጄ ግን ገና እንደደነዘዘ ነበር።

ሸምሱ ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አቤት ብሎ ነበር። በቀጠሮው ቀን ኃላፊውና ሸምሱ በተቀመጡበት ገባሁና «ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስብሰባ አልነበረም» አልኩ። ኃላፊው ሳቀ። «ዝውውር አጓተተብኝ ብላ ነው» አለ። እኔ ብቻዬን ነኝ፣ ወረቀቱ ላይ ስምንት ፊርማ አለ። ማን ያምነኛል?

ሰብሳቢው ወረቀቱን አነሣ፣ መነጽሩን አደረገ፣ ቀኑን አነበበ። ደግሞ አነበበው። ከዚያ ኃላፊውን ትክ ብሎ አየውና «ይኼ እኮ የመስቀል የእርዳችን ዕለት ነው» አለ።

ወገኖቼ! ሳቁ፣ ሳቁ፣ የጉራጌ ሰው ሆናችሁ እንዴት አትስቁ? በእርድ ዕለት ማን ቢሮ ይገባል? ሰው ከአዲስ አበባ፣ ከየትም ተነሥቶ አገሩ በሚገባበት ቀን እኛ ወልቂጤ ቁጭ ብለን ስብሰባ! እኔ ያን ዕለት እናቴ ቤት ጎመን እከትፍ ነበር። ኃላፊው ራሱ በሬው አጠገብ ቆሞ የተነሣውን ፎቶ ለሁላችንም ልኮልን ነበር! ሸምሱ ወረቀቱን ያን ጊዜ ገና አየው። «ወላሂ፣ በዚያ ቀን ቢሮ የነበርነው እኔና ጥበቃው ብቻ ነን» አለ። «ታዲያ ማንን ነው የሰደብኩት? በሩን?»

በፍርሃት ሳላስብ ያኖርኳትን ቀን ጌታ ጠብቆ አቆያት። የኔን ስህተት! ክብር ለስሙ ይሁን!

«ያልሽውን በጽሑፍ አድርጊው» ብለው እስክሪብቶ ሰጡኝ። እንደሚወድቅብኝ እያወቅኩ በቀኝ እጄ ተቀበልኩ። አልወደቀም። አንዱን ገጽ ሞላሁ፣ ገለበጥኩ፣ ሁለተኛውን ጻፍኩ። ፈርሜ ስጨርስ ነው ጣቶቼ ሲሰሙኝ ያወቅኩት። አሜን በሉ እንጂ!

ኃላፊው ከሥልጣኑ ተነሣ። ሸምሱ ወደ ሥራው ተመለሰ። የተመለሰ ዕለት መዝገብ ቤት ሄጄ «ይቅር በለኝ» አልኩት። ፊቱን ወደ መዝገቡ መለሰ። እውነቱን ነው፣ በኔ እጅ ነው ከነቤተሰቡ ተሸማቅቆ የከረመው። ከዚያ «እጇን ታመመች ብለውኝ ነበር። እስቲ አምጪው» አለ። ዘረጋሁለት። አጥብቆ ጨበጠኝና «ደህና ሆኗል ይኼማ። አላህ ይጨምርልሽ» አለኝ።

ዝውውሬ? ገና ነው! ነገ ማለዳ ሚኒባስ ተራ ታገኙኛላችሁ። ልጄ ዛሬም እንግዳ ትለኛለች፣ ዛሬም ያመኛል። ግን ቢሮ ስገባ አንገቴን ቀና አድርጌ ነው የምገባው። አዲሱ ኃላፊ ማመልከቻዬን ተቀብሎኛል፤ ጌታም የረሳኝ አይመስለኝም።

እዚህ መካከል ያላያችሁትን አይተናል ብላችሁ የፈረማችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ መዝሙር ብቻ እየዘመራችሁ አትቀመጡ። ሄዳችሁ ተናገሩ። እኔን ፈሪዋን ያልጣለ ጌታ እናንተንም አይጥላችሁም፣ እመኑት። እስቲ አሁን ቀኝ እጃችሁን አንሡና አብረን እናመስግነው። ሁላችሁም። ደሳለኝ፣ ሰዓትህን ተወውና አንተም አንሣ።