እረፍት ያጡ የላቀው እግሮች

የእህቴ የገበያነሽ ባል ላቀው ነፋስ ስልክ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የሠራተኛ ሰርቪስ ይነዳ ነበር። ጠዋት ከላፍቶ ጀምሮ ሰው እየለቀመ ፋብሪካው በር ላይ ያራግፋል፤ ማታ መልሶ ይበትናል። ቁጥብ ሰው ነው። ሲያመሰግኑት ያፍራል፣ ሲሰድቡት ዝም ይላል። «እንዴት አደርክ?» ላለው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ «ደህና፣ እግዜር ይመስገን።» ቤቱ እየተቃጠለም እንዲሁ የሚል ይመስለኛል።

አንድ ልጃቸው አምሐ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ነው የእግሩ ነገር የተጀመረው። እራቱን በልቶ አረፍ ሲል እግሮቹ አላስቀምጥ ይሉታል። «አጥንቴ ውስጥ ጉንዳን የሚሄድ ይመስለኛል» ይላል። ተነሥቶ ግቢውን ሲዞር ይተወዋል፣ ሲቀመጥ ይመለስበታል። እንቅልፍ ሲወስደው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው፤ ረገጥ፣ ትንሽ ቆይቶ ረገጥ፣ እስኪነጋ። እሱ ይህን አያውቀውም። የምታውቀው ጭኗ በልዞ የምትነሣው እህቴ ናት። በመጨረሻ መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፋ ተለየችው፤ የአልጋው ሲጥሲጥታ ግን እዚያም አላስተኛት አለ። ከመጋረጃው ወዲያ የምተኛው እኔም አብሬያቸው ደከምኩ።

ጎረቤቱ ሁሉ «የልጁ ሐሳብ ነው» አለ። እኛም አልን። በዚያ ዘመን ልጅ የዘመተበት ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ሕመሙ ያው አንድ ነበር፤ መርማሪም አያስፈልገው።

የሚያስፈራው ቀኑ ነው። ላቀው መሪ ይዞ ማንቀላፋት ጀመረ። ጤና ጣቢያ ሄዶ ለነርቭ ነው የተባለ የቫይታሚን መርፌ ተወጋ፤ ለውጥ የለም። ቀጥሎ ጎረቤታችን ወይዘሮ ውብነሽ ለራሷ ከታዘዘላት ቫልየም ከሚባል የእንቅልፍ ኪኒን ሰጠችው። እኛ ሰፈር መድኃኒት እንደ በርበሬ ነው፤ የተረፈው ላለቀበት ያበድራል። ላቀው ዋጠና እንደ ግንድ ተኛ፤ እግሩ ግን ሲራገጥ አደረ። ጠዋት ድብታው ሳይለቀው ሰርቪሱን አስነሥቶ ወጣ፤ መታጠፊያው ላይ ከነሠራተኛው ከመንገድ ወጥቶ ቦዩ አፍ ላይ ቆመ።

ማንም አልተጎዳም። ከዚያ ወዲያ ግን ሴት ሠራተኞቹ ተሳፍረው ዓይናቸውን ከመስተዋቱ አይነቅሉም፤ እሱ ባዛጋ ቁጥር ይጮኻሉ። ኃላፊው ጠርቶ «ከደገምከው ቁልፉን ታስረክባለህ» አለው። ላቀው ማታ ለእህቴ «ቁልፉስ ይቅር፤ ሰው ብጨርስስ?» አላት። እሱ ሲፈራ ያየሁት ያኔ ነው።

ሆስፒታል ሦስታችንም ሄድን። ሐኪሙ ዶክተር ተናኘ የሚባል፣ ዓይኑ ከኛ ይልቅ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል ሰው ነበር።

«እንቅልፍ እንዴት ነው አቶ ላቀው?»

«ደህና ነው፣ እግዜር ይመስገን።»

እኔ በገንሁ። እህቴ ባሏ በሰው ፊት ሲናገር ቃል አስገብታ አታውቅም፤ እንዲህ ነው ያሳደጉን። ያን ቀን ግን ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ወረወረችና ተነሣች።

«ዶክተር፣ እንቅልፉን እኔን ይጠይቁኝ። ጭኔ ይመስክር! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ይሄ ሰውዬ ሰው ይዞ ገደል ሊገባ ነው» አለችና ሁሉንም ዘረገፈችው። ላቀው አንገቱን ደፋ።

ሐኪሙ እስክትጨርስ ሰማት። «የታወቀ ሕመም ነው» አለ። «ሐሳብ ያባብሰው ይሆናል እንጂ ሐሳብ ብቻ አይደለም። ክሎናዜፓም የሚባል ኪኒን አለ፤ ርግጫውን ባያጠፋው እንኳ እንቅልፉን ያጠብቅለታል። ግን የቫልየም ዘመድ ነው፣ ጠዋትም ድብታው ይከተላል፤ ሰው ለሚጭን ሾፌር አላዘውም። ሌላው ሌቮዶፓ ነው። እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ አረጋውያን የምንሰጠው ነው፤ ውጭ አገር ለዚህ እግር ሞክረውት ረድቷል ይላሉ። እዚህ ግን ለሽማግሌዎቹም አልበቃ። ለማንኛውም አስቀድሜ ደምዎን ልየው።»

የደሙ ውጤት ሲመጣ የሐኪሙ ፊት ተለወጠ። «ደም በጣም አንሶዎታል። ሰውነትዎ ውስጥ ያለው ብረት አልቋል፤ እግርን እንዲህ ከሚያደርጉት አንዱ እሱ ነው። የት ሄደ?» ኪንታሮት አለብዎት? የለም። ጨጓራ? የለም። የሚፈስ ደም? የለም። የደም ግፊቱን ሊለካ እጅጌውን ሲሰበስበው ክርኑ ውስጠኛው ላይ የመርፌ ጠባሳ በጠባሳ ላይ ተነባብሮ አየ።

«ይሄስ?»

ላቀው መሬት መሬት እያየ «ሰጥቼ ነው» አለ።

ለግንባር ቁስለኛ ደም የሚሰበስበው መኪና ፋብሪካው ሲመጣ ሰጥቷል። ቀበሌው ሲጠራ ሰጥቷል። የሌላ ፋብሪካ ተራ መሆኑን ሲሰማም ሄዶ ተሰልፏል፤ በቅርቡ ሰጥተህ ነበር ወይ ሲሉት «ኧረ የለም» እያለ። «አምሐ ሲዘምት ተመርምሮ ነግሮኛል፣ ደማችን አንድ ዓይነት ነው» አለ። «ቢቆስል ማን ያውቃል? የኔው ይደርሰው ይሆናል።»

እህቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ የታየኝ ብስኩቱ ነው። ደም ለሰጠ ሰው አንድ እሽግ ብስኩት ይሰጡታል። ላቀው በየጊዜው ብስኩት ይዞልን ይገባ ነበር፤ ፋብሪካው ያደለው መስሎን በሻይ እያጠቀስን በላነው።

«ከእንግዲህ አይሰጡም» አለ ሐኪሙ። «የሚተርፍ ደም የለዎትም።» የብረት ኪኒን አዘዘለት፤ በሎሚ ውኃ እንጂ በሻይ እንዳይወስድ፣ ወራት እንደሚፈጅ፣ እስኪሻለውም መሪ እንዳይዝ አስጠነቀቀው።

ላቀው ቁልፉን አስረክቦ የፋብሪካው መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሣና ሲጥል ከረመ። በጾም ቀን ኪኒኑን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አቆይቶ ይውጣል። ዓይነ ምድሩ ሲጠቁርበት ሞቴ ደረሰ ብሎ ደንግጦ ነበር፤ የኪኒኑ ጠባይ ነው ተብሎ ተረጋጋ። ቀስ በቀስ ግቢውን መዞር ተወ። እህቴ ፍራሿን ጠቅልላ ወደ አልጋዋ ተመለሰች። ቁልፉ ሲመለስለት ሰርቪሱ ላይ አሁን የሚያንቀላፉት ሴቶቹ ሆኑ።

ደም ሰብሳቢው መኪና መጣ በተባለ ቁጥር ግን ላቀው ምግብ አይበላም። አንድ ቀን እህቴን «አሁንስ ማን ይስጥለት?» ሲላት ሰማሁ። የአምሐ ወሬ ከጠፋ ከርሞ ነበር።

ከዚያ በኋላ በአንድ ምሽት ገበያነሽ አምሽታ ገባች። ከንፈሯ ነጥቷል። ጠረጴዛው ላይ አንድ እሽግ ብስኩት አስቀመጠችና ተቀመጠች።

ላቀው ብስኩቱን አየ፣ እሷን አየ። «ገበያነሽ፣ ያንቺ ደም እኮ ከሱ ጋር አንድ አይደለም» አላት።

«ይሁን» አለችው። «የኔ ለሌላዋ እናት ልጅ ይድረስ። የሷ ደግሞ ለኔ ልጅ ይደርሳል። አንተ ተኛ፣ ነገ ሰው ትጭናለህ።»

ብስኩቱን ማንም አልነካውም። ላቀው ኪኒኑን በሎሚ ውኃ ዋጠና ወደ መኝታው ገባ።