ከአልጋው ሥር ያለው ወተት

ጎረቤቴ የማኅበሩን ጽዋ በነጭ ጨርቅ ሸፍና ወደ ቤቷ ስታስገባ አየችኝና ቆም አለች። "አንቺስ ማኅበሩ ግቢ እንጂ፤ ሰው ብቻውን ምን ይሆናል?" አለችኝ። የጽዋው ጠላ ሽታ ልጅነቴን አመጣብኝ።

የገና ጾም ነበር። አባቴ ታሞ ተኝቶ፣ የደረሰው ጤፋችን ሊረግፍ ሲል ማኅበርተኞቹ ማጭዳቸውን ይዘው መጡ። ሳይመሽ አጭደው ከመሩት። እናቴ ግን ሐኪሙ ያዘዘለትን፣ የነፍስ አባቱም የፈቀዱለትን ወተት ከአልጋው ሥር ደበቀችው።

"አባባ፣ እየረዱን ለምን እንደብቃቸዋለን?" አልኳቸው አያቴን።

"ልጄ፣ ያለ እነሱ ጤፉ የወፍ ቀለብ ነበር። ግን ሰው ማጭዱን ብቻ አይደለም፤ ዓይኑንም ይዞ ነው የሚመጣ" አሉኝ።

ሊሄዱ ሲሉ፣ ምግብ ይዘው ከመጡት ሴቶች አንዷ "እግዜር ይማርህ" ብላ የአባቴን ጋቢ ልታስተካክል ጎንበስ አለች። ጋቢውን ካስተካከለች በኋላም ትንሽ እንዳጎነበሰች ቆየች። ወተቱን ትየው አትየው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ማታ ጎረቤቴ መልሴን ልትሰማ በሬን አንኳኳች። ከመክፈቴ በፊት ሮጬ ድስቱን ከደንኩት። የነበረበት የጾም ሽሮ ብቻ ነው።